የጠቢቡ የአሒቃር ምክርና ፍሬው

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ይባላል። ብርሌ የጠጁን መልክ አጥርቶ እንደሚያሳይ፥ ምሳሌም የሰውን ጠባይ አጥርቶ ያሳያል ማለት ነው። ነገር ግን በብርሌ የተቀዳውን ጠጅ አይቶ ማድነቅ ሌላ፥ ጠጥቶ መርካት ሌላ ነው። እንደዚሁም ምሳሌን ማወቅ ሌላ፥ በምሳሌው መኖር ሌላ ነው። ይህን ልዩነት አጉልተው ከሚያስረዱት ጥንታውያን ታሪኮች አንዱ የጠቢቡ የአሒቃር ታሪክ ነው።

አሒቃር በአሦር ነገሥታት በሰናክሬምና በልጁ በአስራዶን ዘመን የቤተ መንግሥት አማካሪ እንደ ነበረ ይተረካል። ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ705 እስከ 681፥ አስራዶንም ከ681 እስከ 669 ነግሠዋል። አሒቃር ክብርና ሀብት ሞልቶለት ሳለ ልጅ አልነበረውምና የእኅቱን ልጅ ናዳንን ወስዶ እንደ ልጁ አሳደገው፤ ጥበቡንም ሁሉ በምሳሌ እየመሰለ አስተማረው። ከአፍ ያመለጠ ቃል ከእጅ እንዳመለጠ ወፍ መሆኑን፥ በትር የተከለከለ ልጅም ከክፉ እንደማይድን መከረው። በሶርያ ቋንቋ በተጻፈውም ቅጂ፥ ያልተበደሩትን ዕዳ መክፈል ከጨውና ከእርሳስ ሸክም እንደሚከብድ ያስተምረዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል የሚያውቅ ሰው፥ የአሦሩ ጠቢብ ስለ ምን እንደሚናገር ለማስተዋል አይቸገርም።

ናዳን ምክሩን ሁሉ ሰማ፤ በአጎቱም ፈንታ በንጉሡ ፊት ቆመ። ከዚህ በኋላ ግን አሳዳጊውን በንጉሡ ላይ እንደ ዶለተ አድርጎ ከሰሰው፤ ንጉሡም አሒቃር ይገደል ዘንድ ፈረደ። ባጎረስሁ እጄን ተነከስሁ የሚባለው እንደዚህ ባለ ቀን ነው። የተማረው ምሳሌ ሁሉ የናዳንን ምላስ ሳለው እንጂ ልቡን አልለወጠውም።

ጠቢቡን ከሞት ያወጣው እንግዲህ ምንድር ነው? ሊገድለው የተላከው ሹም ቀድሞ ራሱ በሰናክሬም ቍጣ ሊገደል ሲል፥ አሒቃር በቤቱ ሸሽጎ አድኖት ነበር። አሒቃርም ይህን ውለታ አሳሰበው፤ ሹሙም በተራው ሸሸገው። በሰፈሩት ቍና መሰፈር አይቀርም ማለት ይህ ነው። ምክር ሲከዳው የዱሮ ምሕረቱ አልከዳውም። ሆኖም ታሪኩ ያለ እንከን አይደለም። ጥንታዊው ጽሑፍ እንደሚለው፥ ንጉሡን ለማሳመን ከሹሙ አገልጋዮች አንዱ በአሒቃር ፈንታ ተገደለ፤ የሶርያው ቅጂ ግን የተገደለው ሞት የሚገባው እስረኛ ነበረ ይላል። ንጹሕ ደም ፈስሶ የዳነ ጠቢብ ለሰሚ ከባድ ነውና፥ ልዩነቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ከታወቁት ቅጂዎች ሁሉ ጥንታዊ የሆነው የተገኘው በአሦር ምድር አይደለም፤ በላይኛው ግብፅ፥ በአስዋን ፊት ለፊት ባለችው በኤሌፋንቲን ደሴት ነው። በዚያ የአይሁድ ጭፍራ ከነቤተ ሰቡ ይኖር ነበር። ጀርመናውያን ከ1906 እስከ 1908 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቈፈሩ ጊዜ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በአራማይክ ቋንቋ የተጻፈ ፓፒረስ አገኙ፤ ኤድዋርድ ዛካውም በ1911 አሳተመው። ፓፒረሱ አስቀድሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ475 የመርከቦች ቀረጥ የተመዘገበበት ነበረ። ጸሓፊው ሒሳቡን አጥፍቶ በላዩ የአሒቃርን ነገር ጻፈበት። ኋላ ሊቃውንት ከሥር የቀረውን ሒሳብ ደግሞ መርምረው አነበቡት።

ነገሩ ከአገር ወደ አገር ተሻገረ። በሶርያ፥ በዐረብና በአርመን ቋንቋ ተጻፈ፤ ግሪኮችም ከታሪኩ ብዙውን ወስደው በኤዞጵ ገድል ውስጥ አገቡት። ወደ ኢትዮጵያ ምክሩ የደረሰው በአንጋረ ፈላስፋ ነው። ይህን መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰው። በውስጡም የሶቅራጥስ፥ የአፍላጦንና የአርስጣጣሊስ ቃል ከዳዊትና ከሰሎሞን፥ ከቅዱሳን አበውም ቃል ጋራ ተሰብስቧል፤ ከአሒቃር ምክርም ጥቂቱ በዚያ ይገኛል። ቃሉ ከአረማዊም አፍ ቢወጣ፥ እውነት ከሆነ ለክርስቲያን ይጠቅማል ብለው አባቶች ተቀበሉት።

የጠቢቡ ምክር እንዲህ በግእዝ ሲገባ፥ የናዳን ክዳት ግን አብሮ አልተተረከም። እርሱ በሌላ ቦታ ይገኛል፤ ይኸውም በመጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦቢት በመጀመሪያው ምዕራፍ ይህን ጠቢብ የወንድሙ ልጅ አድርጎ ያነሣዋል። የስሙም አጻጻፍ እንደ ቅጂው ይለያያል። በምዕራፍ 14 ሊሞት ሲል ልጁን ጠርቶ፥ ያሳደገውን ሊያጠፋ የተነሣው ሰው ራሱ ወደ ጨለማ እንደ ወረደ ያሳስበዋል፤ ወዲያውም ምጽዋት ከሞት ወጥመድ እንደምታወጣ ይጨምርለታል።

ስለዚህ ምክሩና የምክሩ ፍሬ በሁለት መጻሕፍት ተለያይተው ተቀምጠዋል። አንጋረ ፈላስፋን ብቻ የሚያነብ ሰው አሒቃር መልካም እንደ ተናገረ ያውቃል፤ መጽሐፈ ጦቢትን ሲጨምርበት፥ መልካም ንግግር ናዳንን እንዳላዳነው፥ መልካም ሥራ ግን ከወጥመድ እንደሚያወጣ ያስተውላል። ሁለቱም በአንድ አገር ሊቃውንት እጅ ስለሚገኙ፥ አስተማሪ አንዱን ሲገልጥ ሌላውን መዝጋት አይገባውም።

አባቶቻችን ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልለው፥ ምከረው፥ ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብለዋል። በኋለኞቹ ቅጂዎች አሒቃር ወደ ክብሩ ከተመለሰ በኋላ ናዳንን አስሮ እንደ ገና በምሳሌ ሲገሥጸው ይታያል፤ ናዳን ግን ምሕረት ቢለምንም በክፋቱ ጠፋ። በቤቱ ምሳሌ የሚያስተምር አባትና በደጀ ሰላም የሚተረጕም መምህር፥ ልጁ ስንት ምሳሌ ቈጠረ ከማለት አስቀድሞ፥ ከቈጠረው ስንቱን ሠራበት ብሎ ይጠይቅ።