ከተከዜ ሸለቆ እስከ ተባበሩት መንግሥታት፦ ኢትዮጵያና የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ክልከላ

ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በኢትዮጵያ አነሳሽነት የቀረበውን ውሳኔ ቁጥር 1653 በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀ። ውሳኔው በኒውክሌር ጦር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን አውጇል።

ይህ አቋም ሀገሪቱ ከደረሰባት በደል ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። በ1917 ዓ.ም. የተፈረመው የጄኔቫ ፕሮቶኮል በጦርነት በመርዝ ጋዝ መጠቀምን ከልክሏል፤ ኢጣሊያም ፕሮቶኮሉን ተቀብላ ነበር። ይሁን እንጂ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚያልፈው የተከዜ ሸለቆ በራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ላይ መርዝ አዘነቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ተገኝተው አቤት ቢሉም የመንግሥታት ማኅበር ሕጉን ሊያስከብር አልቻለም።

ውሳኔ 1653 ይህንኑ ፕሮቶኮል በመግቢያው ያስታውሳል። አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ተቃውመውታል፤ የአስገዳጅ ሕግ ኃይልም የለውም። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1988 ዓ.ም. በሰጠው የምክር አስተያየት ውሳኔውን ጠቅሶ፣ በርካታ የተቃውሞና የተዓቅቦ ድምፅ ያለባቸው ውሳኔዎች ብቻቸውን ልማዳዊ ሕግ እንደማይሆኑ አመልክቷል።

አስገዳጁ ሕግ በአህጉር ደረጃ መጥቷል። አፍሪካን ከኒውክሌር ጦር መሣሪያ ነፃ ቀጣና የሚያደርገውና ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የፔሊንዳባ ስምምነት ከሐምሌ 8 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። የተከዜው ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ክልከላ የሚጠብቀው የሚያስከብረው ሲኖር ነው።