በሶ ለሯጭ፣ ጭኮ ለመንገደኛ

ጀልዱ፣ ደንዲና ወንጪ ደጋ ናቸው፤ ገብስ ይስማማቸዋል። በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ ዝቅ ብላ የጤፉን ምድር ይዛለች። ሌሊት ተነሥቶ ረጅም መንገድ የሚወጣ የምዕራብ ሸዋ ሰው የሚይዘው ስንቅ ግን የደጋው ገብስ ነው፦ በሶ ወይም ጭኮ።

ሁለቱም የሚጀምሩት ከአንድ ምጣድ ነው። ገብሱ ረጠብ ተደርጎ ይታመስና በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ይወጣለታል። ከዚያ እንደገና ይቆላል፤ ሽታው ቤቱን ሲያውደው ወርዶ ይፈጫል፣ ይነፋል። ዱቄቱ አስቀድሞ በእሳት ያለፈ ስለሆነ ምግብ ለመሆን የሚቀረው ውኃ ብቻ ነው። በተነጠረ ቅቤ፣ በጨውና በቅመም ሲታሽ ደግሞ ጭኮ ይሆናል፤ ብዙ ቀን ይቆያል፣ ጥቂቱም ያጠግባል።

ለዘመቻ ከዚህ የተሻለ ስንቅ አይገኝም። መስከረም 1888 ዓ.ም. የምኒልክ የክተት አዋጅ ከተነገረ በኋላ ዓድዋ ላይ ውጊያው እስኪገጠም አምስት ወር አልፏል። ዘማቹ በአብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ የሚወጣ ነበርና በሶው፣ ድርቆሹና ቆሎው በበቅሎና በሴቶች ጀርባ አብሮት ተጓዘ። ከ40 ዓመት በኋላ ጣሊያን ሲመለስ፣ ጃገማ ኬሎ ገና በ15 ዓመቱ በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ጫካ ገባ። ጫካ ላለ አርበኛ እሳት የማይፈልግ ምግብ ትልቅ ነገር ነው፤ ጭስ ያስይዛል።

ከዚያ ሯጮቹ መጡ። የአምቦው ልጅ ፊጣ ባይሳ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ5,000 ሜትር ነሐስ አገኘ። ሌላው የአምቦ ልጅ ተስፋዬ ጅፋር በ1994 ዓ.ም. የኒው ዮርክን ማራቶን በ2:07:43 አሸነፈ፤ የቦታው ክብረ ወሰን ለአሥር ዓመት ያህል አልተነካም። የጀልዱው ፈይሳ ሌሊሳ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ብር ወሰደ።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሚሮጥ ሰው ከሁለቱ የትኛውን ይቅመስ? «ጭኮ ጉልበት ነው» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ለማን? ቅቤ ከሆድ ቶሎ አይወርድም፤ ቀኑን ሙሉ በቅሎ ተከትሎ ለሚሄድ ሰው እየቆየ ይደርስለታል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዳገት ለሚሮጥ ግን ይከብደዋል። በእንቅልፍ ሰዓት ጉበት ያጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ ያድራል፤ ጡንቻ ውስጥ ያለው ግን ብዙም አይነካም። ስለዚህ አጭርና ቀላል ሩጫ በባዶ ሆድ ይወጣል። ለረጅሙና ለከባዱ በማር የተበጠበጠ ቀጠን ያለ በሶ ይበቃል፤ ከወፈረ ግን የገብሱ አሠር ራሱ ሆድ ይይዛል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 10 ምርጥ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት እንደሚመጣ አሳይቷል፤ በሶም ከዚሁ ወገን ነው።

አምቦ ውኃ? የከተማዋን ስም ያስጠራው፣ ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው ውኃ ከክትፎ በኋላ ወደር የለውም፤ ከሩጫ በፊት ግን ጋዙ ሆድ ይነፋል።

በሁዳዴ ጭኮው በቅቤው ምክንያት ከነጭራሹ ይቀራል። በሶውም ቢሆን ለጾመኛ ሯጭ ጠዋት አይፈቀድለትም፤ ወይ በባዶ ሆዱ ይሮጣል፣ ወይ ልምምዱን ወደ ማታ ይገፋል።