ከፎቶው ጀርባ

የምረቃችን ባለቀለም ፎቶ ሁለት ቅጂ አለን። አንዱን እናቴ ሳሎን፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ሰቅላው ኖረች፤ ዛሬ ጥቁሩ ጋዋናችን ቀላ ብሏል፣ ፊታችንም ነጥቷል። አልበም ውስጥ የቆየው ሁለተኛው ግን ገና ደህና ነው። አባቴ እዚሁ ግቢ ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር የተነሣው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ደግሞ፣ በዕድሜ እኔን እየበለጠ፣ ዛሬም ጥርት ብሎ ይታያል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስል ከደቃቅ የብር ማዕድን የተሠራ ነው፤ ሲታተም በደንብ ከታጠበና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ከ100 ዓመት በላይ ይቆያል። የባለቀለሙ ምስል ግን ማቅለሚያ ነው፤ ብርሃን ያነጣዋል፣ ሙቀትም ጨለማ ውስጥ እንኳ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የፊልም ታሪክ እኛን ሐኪሞችን በቀጥታ ይነካል። እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1929 በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ምድር ቤት የተከማቹ የራጅ ፊልሞች ተቃጠሉ። የተሠሩት ጭስ አልባ ባሩድ ከሚሠራበት ከናይትሮሴሉሎዝ ነበር። 123 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው መርዛማው ጋዝ ነው። ከክሊኒኩ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ዶክተር ጆን ፊሊፕስም በዚሁ አለፉ።

ናይትሮሴሉሎዝን የተካው አሴቴት እንደዚያ አይቀጣጠልም። ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ግን በጥቂት አሥርት ዓመታት ይሸበሸባል፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። የድሮ ኔጋቲቭ ያለበትን ሣጥን ስትከፍቱ ይህ ሽታ ከመጣባችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ፤ ከሌሎቹ ለዩትና ስካን አስደርጉት። በኋላ የመጣው ፖሊስተር ከሁሉም ይጠነክራል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት እንደሚዘልቅ ይገመታል።

ይህን ልጽፍ ስነሣ የአባቴን ፎቶ ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ባዶ ነው። ከቆሙት 14 ወጣቶች የማውቃቸው ሦስቱን ብቻ ነው፤ እንዳልጠይቀው አባቴ የለም። ምስሉ ቆየ፣ ስሞቹ ግን ጠፉ።

እናም ለዘንድሮው መገናኛችን ፎቶ ስታመጡ አደራ፦ ከጀርባው፣ ጠርዙ አካባቢ፣ በለስላሳ እርሳስ ሳትጫኑ፣ የሁሉንም ስም ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉበት። የምናስታውሰው ገና አለን።