ለከፋ፦ በመንገድ ላይ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ትንኮሳ፣ የሕግ ድንጋጌዎቹና አቤቱታ የሚቀርብበት ሥርዓት

ለከፋ አንድ ሰው በአደባባይ፣ በታክሲ ተራ፣ በአውቶቡስ፣ በገበያ ወይም በመንደር መተላለፊያ የሚያገኛትን ሴት ያለ ፈቃዷ በቃል፣ በምልክት፣ በመከተል ወይም በመንካት የሚያስቸግርበት ድርጊት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ቃሉ ቀለል ተደርጎ ይነገራል። ድርጊቱን የወጣትነት ጨዋታ ወይም የአድናቆት መግለጫ አድርገው የሚያዩት ጥቂቶች አይደሉም፤ የሚለከፉት ግን እንዲህ አያዩትም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ «ለከፋ» የሚል ርዕስ የተሰጠው ራሱን የቻለ አንቀጽ የለም። ይህ ማለት ድርጊቱ በሕግ አይጠየቅበትም ማለት አይደለም። በለከፋ ውስጥ የሚታዩት አብዛኞቹ ድርጊቶች በየራሳቸው ስም በሕጉ ተደንግገው ይገኛሉ። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ የትኛው ድርጊት በየትኛው ድንጋጌ እንደሚሸፈን፣ አቤቱታ የት፣ እንዴትና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚቀርብ ያመለክታል።

ድርጊቱ የሚገለጽባቸው ሁኔታዎች

ለከፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቃል ነው። «ቆንጆ»፣ «ማሬ»፣ «አንቺን እኮ ነው» የሚሉ ጥሪዎች በመንገድ ዳር ከቆሙ ወጣቶች፣ ከታክሲ ረዳቶች ወይም ከመኪና መስኮት ይሰማሉ። መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ንግግሩ ወዲያው ይለወጣል፤ ከደቂቃ በፊት «ቆንጆ» የተባለችው ሴት «ማን መሰልሽ» ተብላ ትሰደባለች፣ ስለ አካሏና ስለ አለባበሷ ነውር ንግግር ይወረወርባታል። ድርጊቱ አድናቆት ነው የሚለውን አስተያየት ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው ይኸው ፈጣን ለውጥ ነው።

ከቃል ቀጥሎ የሚመጣው መከተል፣ መንገድ መዝጋት፣ እጅ መያዝና ልብስ መጎተት ነው። በተጨናነቀ አውቶቡስ ወይም በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ውስጥ ደግሞ ግፊያን ሽፋን አድርጎ የሴትን ሰውነት መንካት የተለመደ አቤቱታ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ተጎጂዋ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን እያወቀች እንኳ ማስረዳት የማትችል ስለሚመስላት ዝም ብላ ትወርዳለች።

በገጠር አካባቢዎች ድርጊቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ውኃ መቅጃ ወይም ወደ ገበያ የምትመላለስን ልጅ በተደጋጋሚ መንገድ እየጠበቁ ማነጋገርና መከተል ለጠለፋ የሚደረግ ዝግጅት ሊሆን ይችላል። ለጋብቻ በሚል ሴትን በኃይል መጥለፍ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። ስለሆነም ልጅቱ «አንድ ሰው መንገድ ላይ እየጠበቀ ያስቸግረኛል» ባለች ጊዜ ወላጆችና መምህራን ነገሩን ለፖሊስ ማሳወቅ እንጂ ልጅቱን ከትምህርት ማስቀረት አይገባቸውም።

በሴቶች ሕይወት ላይ የሚያስከትለው ጫና

የለከፋ ጉዳት በተሰነዘረው ቃል አያበቃም። በርካታ ሴቶች በአጭሩ መንገድ መሄድ ሲችሉ ዞረው ይሄዳሉ፤ ከመሸ በኋላ ለአጭር ርቀት የሜትር ታክሲ ይከፍላሉ፤ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ምንም እንዳልሰሙ ያልፋሉ፤ ወይም ወንድም አልያም ጓደኛ ታክሲ ተራ ድረስ እንዲቀበላቸው ይለምናሉ። የማታ ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሳይጨርሱ ይወጣሉ። እንደ ሐዋሳ ባሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች የሚሠሩና ከሌላ አካባቢ መጥተው በጋራ ቤት የተከራዩ ወጣት ሠራተኞች የማታ ፈረቃ ሲወጡ በጨለማ መንገድ በቡድን ሆነው ለመሄድ ይገደዳሉ። ለትራንስፖርት የወጣው ገንዘብ፣ የቀረው ትምህርትና የተተወው ፈረቃ በየትኛውም የፖሊስ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ሆኖም ወጪው በሙሉ በሴቷ ላይ ይወድቃል።

ፍርሃቱ መሠረት የሌለው እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከተሳፈረችበት ታክሲ ተጠልፋ፣ በቡድን ተደፍራ በደረሰባት ጉዳት ሕይወቷ ማለፉ አገሪቱን በሙሉ ያስደነገጠ ነበር። እያንዳንዱ ለከፋ ወደዚህ ያመራል ማለት አይደለም። ነገር ግን በምሽት ከኋላዋ የእግር ኮቴ የምትሰማ ሴት የትኛው በቃል ብቻ እንደሚያበቃ አስቀድማ የምታውቅበት መንገድ የላትም።

የሕግ ድንጋጌዎች

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ማንኛውም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት እንዳለው በአንቀጽ 16፣ ሰብዓዊ ክብሩና መልካም ስሙ የመከበር መብት እንዳለው በአንቀጽ 24፣ የሴቶችን መብት ደግሞ በተለይ በአንቀጽ 35 ደንግጓል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ እነዚህን መብቶች የሚጥሱ ድርጊቶችን በዝርዝር ይቀጣል።

በቃል ወይም በምልክት የሚፈጸም ለከፋ የሚታየው በዋናነት በአንቀጽ 615 ነው። ይህ አንቀጽ ሌላውን ሰው በቀጥታ በመናገር ወይም ስለ እርሱ በመናገር ክብሩን በስድብ የሚነካ፣ ወይም በምልክትም ሆነ በሌላ ሁኔታ የሚያዋርድ ሰው አቤቱታ ሲቀርብበት እስከ 3 ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 300 ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። «እደበድብሻለሁ»፣ «የምትኖሪበትን አውቃለሁ፣ ታያለሽ» የመሳሰሉ ተጎጂዋን ለከባድ ፍርሃት የሚዳርጉ ማስፈራሪያዎች ደግሞ በአንቀጽ 580 ዛቻ ሆነው እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 500 ብር መቀጮ ያስከትላሉ፤ ይህም በአቤቱታ የሚያስቀጣ ነው። የመቀጮው መጠን ዛሬ ሲታይ አነስተኛ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም ድርጊቱ በስም ተመዝግቦ ተከሳሹ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ መባሉ በራሱ ዋጋ አለው።

አካል ላይ ጉዳት ሳያደርስ መግፋት፣ መጎተት ወይም መምታት በአንቀጽ 560 እና በደንብ መተላለፍ ክፍል በአንቀጽ 840 የእጅ እልፊት ሆኖ ይታያል። በኃይል ወይም በከባድ ዛቻ ተገድዳ ሴቲቱ ለንጽሕና ክብር ተቃራኒ የሆነ ድርጊት እንድትፈጽም ወይም እንዲፈጸምባት ከተደረገ ግን ጉዳዩ ከቀላል ወንጀልነት ይወጣል። አንቀጽ 622 ለዚህ ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት አስቀምጧል። ተጎጂዋ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ስትሆን አንቀጽ 626 እና 627 ተፈጻሚ ይሆናሉ።

ትንኮሳው የተፈጸመው በአሠሪ ወይም በሥራ ባልደረባ በሥራ ቦታ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን በግልጽ ስለሚከለክል አቤቱታው በሠራተኛ ሕግ በኩልም ሊቀርብ ይችላል።

በቦታው ላይ ሊወሰዱ የሚችሉ እርምጃዎች

መልስ መስጠት ወይም ዝም ብሎ ማለፍ ሁኔታዎችን አይታ የምትወስነው የሴቲቱ ውሳኔ ነው። ዝም ማለቷ መስማማቷን አያሳይም፤ አቤቱታ የማቅረብ መብቷንም አይቀንስም። ሰው በበዛበት ቦታ ድምፅን ከፍ አድርጎ «አትንካኝ»፣ «አትከተለኝ» ማለት በአብዛኛው ሁለት ጥቅም ይሰጣል፦ በአካባቢው ያሉት ሰዎች ነገሩ የትውውቅ ጨዋታ አለመሆኑን ይረዳሉ፣ በኋላም ምስክር ይሆናሉ። ጭር ባለ ቦታ ግን ከመከራከር ይልቅ ወደ ሱቅ፣ ወደ ጥበቃ ሠራተኛ ወይም ሰው ወዳለበት ግቢ መግባት ይመረጣል። ተከትሏት የመጣ ሰው ቤቷን እንዳያውቅ በቀጥታ ወደ መኖሪያዋ አለመግባቷም ተገቢ ነው።

በታክሲ ውስጥ ለሚፈጸም ትንኮሳ ከሁሉ የሚጠቅመው የሰሌዳ ቁጥሩን መያዝ ነው። የታክሲ ተራ አስከባሪዎችና የትራፊክ ፖሊሶች ተሽከርካሪው የሚሠራበትን መስመር ስለሚያውቁ ቁጥሩ፣ ሰዓቱና የተሳፈሩበት ቦታ ከተገለጸ ረዳቱን ወይም አሽከርካሪውን ለይቶ ማግኘት አስቸጋሪ አይሆንም። አካላዊ ጥቃት ሲሰነዘር ደግሞ ከጥቃቱ ጋር ተመጣጣኝ በሆነ መንገድ ራስን መከላከል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 የተፈቀደ ነው። ጥቃቱ ካበቃ በኋላ የሚወሰድ የበቀል እርምጃ ግን በዚህ አይሸፈንም።

በአካባቢው ያሉ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር የጉዳዩን አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ይወስናል። ከለካፊው ጋር መጣላት አያስፈልግም፤ ወደ ሴቲቱ ቀርቦ «እህቴ፣ ደህና ነሽ? አብረን እንሂድ?» ማለት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በሕይወቷ፣ በአካሏ ወይም በጤናዋ ላይ ከባድና የማይቀር አደጋ የተደቀነባትን ሰው ራሱንም ሆነ ሌላውን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ሳይረዳ የቀረ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 575 ይጠየቃል።

አቤቱታ የሚቀርብበት ሥርዓትና የጊዜ ገደብ

ስድብ፣ ማዋረድና ዛቻ ክስ የሚመሠረትባቸው የግል ተበዳይ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 ይህ አቤቱታ ተበዳይዋ ወንጀሉን ወይም ወንጀል አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። በተግባር ብዙ ጉዳዮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አንዲት ሴት በየቀኑ በአንድ ሰው ስትሰደብ ወራት ታሳልፋለች፣ «ይተወኛል» ብላ ትጠብቃለች፣ በመጨረሻ ወደ ፖሊስ ስትሄድ የመጀመሪያዎቹ ድርጊቶች ጊዜ አልፎባቸዋል። ስለዚህ ድርጊቱ ሲደጋገም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተነገረውን ቃል እንደተነገረ እና የነበሩትን ሰዎች በማስታወሻ መጻፍ ይመከራል። የጽሑፍ መልእክት ወይም የስልክ ጥሪ ካለም መሰረዝ የለበትም። ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት፣ ጠለፋና አስገድዶ መድፈር ግን የተበዳይን አቤቱታ አይጠብቁም፤ የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ሊጠቁም ይችላል።

አቤቱታው ድርጊቱ በተፈጸመበት አካባቢ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ በቃል ወይም በጽሑፍ ይቀርባል። በቃል የቀረበው በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ለአቤቱታ አቅራቢዋ ይነበብላታል፣ ከዚያም ትፈርማለች። ከመፈረሟ በፊት የተጻፈው ከተናገረችው ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ፣ በተለይም «ሰደበኝ» ተብሎ ብቻ ያለፈ ቃል ካለ ትክክለኛው አነጋገር እንዲጻፍ መጠየቅ አለባት፤ መርማሪውና ዐቃቤ ሕጉ አንቀጹን የሚመርጡት በዚህ ቃል ላይ ተመሥርተው ነው። የሴቶችና ሕፃናት ምርመራ ክፍል ባለበት ጣቢያ ጉዳዩ በዚያ እንዲታይ ወይም ቃሏን ሴት መርማሪ እንድትቀበላት መጠየቅ ትችላለች። ለአቤቱታው ክፍያ አይጠየቅም። በአዲስ አበባ ለአስቸኳይ ሁኔታ የፖሊስ የስልክ ቁጥር 991 ነው።

ለካፊው የሰፈር ሰው በሚሆንበት ጊዜ ቤተሰብና ሽማግሌ ነገሩን በዕርቅ ለመጨረስ ይጥራሉ። ዕርቅ የሚሆነው ተበዳይዋ በራሷ ፈቃድ ስትስማማ ብቻ ነው፤ የሽማግሌው ቀጠሮ ሲራዘም የ3 ወሩ ጊዜ እንደማይቆምም ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ጣቢያ ለመሄድ የምታመነታ ሴት በቅድሚያ የአካባቢውን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባለሙያ ወይም የወረዳውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ትችላለች። ነፃ የሕግ ምክር ለምትፈልግ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይህን አገልግሎት ይሰጣል።

ትንኮሳው ወደ ወሲባዊ ጥቃት ተሻግሮ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕክምና ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ በመሆኑ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ቃል እስኪሰጥ ድረስ ሕክምናው መዘግየት የለበትም። ተጎጂዋ ከመመርመሯ በፊት ገላዋን ባትታጠብ፣ የለበሰችውንም ልብስ ሳታጥብ በወረቀት ከረጢት ብትይዝ ለማስረጃ ይጠቅማል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሁም በሌሎች ከተሞች በተመረጡ ሆስፒታሎች የተቋቋሙት የአንድ መስኮት አገልግሎት ማዕከላት የሕክምና፣ የሥነ ልቦና፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ አገልግሎትን በአንድ ቦታ ይሰጣሉ።