ጠቢብ፣ ጠይብና ደም መጣጭ፤ የጎጃም ደጋ አፈ ታሪክ ስለ አዋቂ ሰው የሚለው

በአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ዕውቀት ያሳበደው ሊቅና ደም የሚመጥጠው ሙት በአንድ ቤት ተፀነሱ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1816 ዓ.ም. በጄኔቭ ሐይቅ ዳር፣ ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በተከራየው ቤት የተሰበሰቡ ወዳጆች ዝናቡ አላስወጣ ቢላቸው እያንዳንዳቸው አንዳንድ የሚያስፈራ ታሪክ ሊጽፉ ተስማሙ። ከዚያ ጨዋታ የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» (1818) እና የባይረን የግል ሐኪም የነበረው የጆን ፖሊዶሪ «ቫምፓየሩ» (1819) ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1897 የታተመው የብራም ስቶከር «ድራኩላ» ደግሞ ሁለቱን ገጸ ባሕርያት በአንድ ሰው ላይ አዋሐዳቸው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ድራኩላ በሕይወት ዘመኑ ወታደርና የመንግሥት ሰው ብቻ ሳይሆን የአልኬሚ ሊቅም እንደነበረ፣ በተራራ መካከል ሰይጣን ራሱ መምህር ወደሆነበት ትምህርት ቤት ገብቶ እንደተማረ መጽሐፉ የሚናገር መሆኑ ነው። እንግዲህ ደም መጣጭነቱ የደረሰበት አደጋ አይደለም፤ ሞትን ለመርታት ፈልጎ፣ ተምሮ የደረሰበት ማዕረግ ነው።

ይህን ይዤ ወደ ጎጃም ደጋ፣ ማለትም ቀድሞ መንቆረር ትባል ወደነበረችው ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አካባቢዋ አፈ ታሪክ ስመለስ፣ ለድራኩላ የቅርብ ዘመድ ሆኖ የማገኘው ቡዳን ነው። ቡዳ ሰው «ይበላል»። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ መቃብር ያንኳኳል፣ በልቶ የገደለውን ሰው ከጉድጓድ አውጥቶ በቤቱ ባሪያ አድርጎ ያሠራል ይባላል። በዓይኑ ብቻ ደምና ጉልበት ይመጥጣል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። በእኛ አፈ ታሪክ ውስጥ ቡዳ ለመሆን የሚመኝ፣ ለዚያም የሚደክም ሰው የለም። ቡዳነት የሚወረስ እንጂ የሚፈለግ አይደለም። ራሱን ቡዳ ብሎ የሚጠራም የለም፤ ስሙን የሚሰጡት ጎረቤቶቹ ናቸው።

የሚሰጡትም ለማን እንደሆነ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። «ጠቢብ» የሚለው ቃል በግእዝም በአማርኛም ብልህ፣ ዐዋቂ፣ ጥበብን የተማረ ማለት ነው። ከዚሁ ቃል የወጣው «ጠይብ» ግን በደጋው ሰው አፍ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ከዚያም አልፎ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሲነገር፣ ቡዳ ማለት ነው። «አዋቂ»ም እንዲሁ ነው። «አዋቂ ቤት ሄደ» ሲባል ሊቅ ዘንድ ሄዶ ተማረ ብሎ የሚረዳ የለም፤ ጠንቋይ ዘንድ ሄደ ማለት ነው። «ሥራይ» በግእዝ መድኃኒትም አስማትም ነው። አንድ ሕዝብ ለዕውቀት የሰጣቸው ስሞች አንድ በአንድ ወደ ክፉ ሥራ ስም ሲያዘነብሉ ማየት ለቋንቋ ተማሪ ቀላል ነገር አይመስለኝም። አውሮፓዊው ተረት አንድን ሊቅ ከሰው ተራ አውጥቶ ጭራቅ ያደርጋል፤ የእኛው አንድን ሙያ ከነዘሩ ጭራቅ ያደርጋል።

ቀጥቃጩ ለምን ተመረጠ? ለዚህ በቃል የሚነገረው ምክንያት ከፍጥረት ይጀምራል። አንትሮፖሎጂስቱ ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት ከሸዋ፣ ከመንዝ የመዘገበው ተረት እንዲህ ይላል፤ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወለደች፣ እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ባላት ጊዜ ዐሥራ አምስቱን ደበቀችበት፣ የተደበቁትም እንደተደበቁ እንዲቀሩ ተፈረደባቸው፤ የቡዳ ዘር ከእነርሱ ነው። ተረቱ የሚያምር ነው፤ የሚያስረዳው ግን ቡዳ ለምን ቀጥቃጭ እንደሆነ አይደለም። እኔ ምክንያቱን የምፈልገው ከማረሻው ዘንድ ነው።

የጎጃም ገበሬ ሞፈሩን፣ ቀንበሩንና ድግሩን ራሱ ጠርቦ ሊሠራ ይችላል። ማረሻውን ግን አይችልም። የጮቄን ግርጌ የሚያርስ ሰው የዶለዶመ ማረሻውን ይዞ ከዝናቡ በፊት ወደ ቀጥቃጩ ወናፍ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ርስት ያለው፣ አጥንቱን የሚቆጥር፣ በማኅበር ወንበር ያለው ባላገር፣ ርስት ከሌለውና ከእርሱ ጋር ከማይጋባ ሰው ደጃፍ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ያ ሰው ከድንጋይ ብረት፣ ከብረትም ማጭድና ጦር የሚያወጣበትን ሥራ ሌላው አያውቀውም፤ ልጁን ብቻ ያስተምራል። ያለ እርሱ እርሻ የለም፣ መከር የለም። እንዲህ ያለ ጥገኝነት ያለ ፍርሃት አይኖርም፤ ፍርሃቱም ስም ይፈልጋል። በልጅነቴ ወተት ሲናጥ በር ይዘጋ፣ ቆንጆ ሕፃንም «አስቀያሚ» እየተባለ እትፍ እትፍ ይባልበት ነበር፤ ማንን እንደምንፈራ ግን የሚነግረን አልነበረም፣ ማወቅ ይጠበቅብን ነበርና። ከሁሉ የሚደንቀው አራሷ ከክፉ መንፈስ እንድትጠበቅ ከራስጌዋ የሚቀመጠው ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ነው፤ ያም የዚያው የሚፈራው ሰው የእጅ ሥራ ነው።

በሽታው እንዴት «እንደሚገለጥ» ማስተዋልም ይገባል። ሕፃን ወይም ወጣት ሴት ድንገት ስትወድቅ፣ ስታቃስት፣ ወይም እህል ሲያስጠላት «ተበላች» ይባላል። መድኃኒተኛው ይመጣና ያጥናል፤ በሽተኛዋ ትጮኻለች፣ ትለፈልፋለች። ማን እንደሆነ፣ የት እንዳገኛት፣ ለምን እንደበላት ይጠየቃል። መልሱ የሚመጣው በእርስዋ አፍ ነው፤ የሚናገረው «እኔ እገሌ ነኝ» እያለ ነው። አመድና ጉድፍ ተሰጥቶት፣ ዳግመኛ እንዳይመለስ ምሎ ይለቃል። እንግዲህ ኑዛዜው የተሰማው ከተከሳሹ አፍ አይደለም። ተከሳሹ ምናልባት በዚያች ሰዓት ከወናፉ ፊት ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል። በአፈ ታሪካችን ቡዳ በአንደኛ መደብ፣ «እኔ» እያለ የሚናገርበት ቦታ ይህ ብቻ ነው፤ እዚህም «እኔ» የሚለው ሌላ ሰው ነው። የድራኩላን ምኞት ከመጽሐፉ እናነባለን፤ የቀጥቃጩን ምኞት ግን የምንሰማው ከታመመች ሴት ልፍለፋ ነው። ከዚህ የተነሣ የተደበደበ፣ ከመንደር የተባረረ፣ ከዚያም የባሰ የደረሰበት ሰው ብዙ ነው።

የውጭ አገር ተጓዦችም ይህን ወሬ ሰምተዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው መጽሐፉ፣ በጆሯቸው ጉትቻ ስለተገኘባቸው ጅቦች ይተርካል፤ ጉትቻውም ቀጥቃጮቹ ከሚያደርጉት ጋር አንድ ዓይነት ነው ይላል። የጅብ ግልገል ይዞ ጉትቻ ማድረግ ለማንም ቀልደኛ ወይም ምቀኛ የሚያቅት ሥራ አይመስለኝም።

የጽሑፉም ቅርስ ከቃሉ አልራቀም። በአንገት በሚንጠለጠለውና በብራና በሚጻፈው ክታብ ላይ ዘወትር ከሚገኙት ጸሎታት አንዱ መርበብተ ሰሎሞን ነው፤ ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ የያዘበትን ይናገራል። በዚያ ጸሎት ከአጋንንቱ ጎን ብረት ሠሪዎችም፣ ግእዙ ነሃብት የሚላቸው፣ ይጠራሉ። ሌላው ጸሎተ ሱስንዮስ ነው። ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ቅዱሱ በፈረስ ሆኖ በጦር ሲወጋት በክታቡ ላይ ይሳላል፤ ልጅ የሚሞትባቸው እናቶች ይይዙታል። ለአውሮፓው ደም መጣጭ ከሁሉ የምትቀርበው ምናልባት ይህች ውርዝልያ ናት፤ ነገር ግን እርስዋ ጎረቤት የላትም፤ ስለዚህ በስሟ የሚከሰስ ሰው አልነበረም።

ክታቡን የሚጽፈው ደብተራ ነው፤ ጎጃምም የደብተራ አገር ነው። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ እዚያው ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስም ስማቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ቡዳን የሚያስር ጸሎት የሚያውቅ ሰው መፍታትም፣ መላክም ያውቃል ተብሎ ይጠረጠራል። ቀጥቃጩ በእጁ ዕውቀት፣ ደብተራው በብዕሩ ዕውቀት፣ ሁለቱም ይፈለጋሉ፣ ሁለቱም ይታማሉ። ልዩነታቸው የደብተራው ዕውቀት የሚመኙት መሆኑ ነው። ስለዚህ ዕውቀትን ለማግኘት ራሱን የሚለውጠውን፣ በራሱ ሥጋ ላይ የሚሞክረውን ሰው በእኛ አገር የምናገኘው ከቅኔ ቤት ደጃፍ ነው።

ይህም የአብሾ ነገር ነው። አእምሮው እንዲከፈትለት፣ የሰማው ሁሉ እንዳይጠፋው የሚሻ ተማሪ አብሾ ይጠጣል ይባላል። አብሾ የሚዘጋጀው አስተናግር ከሚባለው ተክል እንደሆነ ይነገራል፤ ስሙም የሚያናግር፣ የሚያስለፈልፍ ማለት ነው። በአኩፋዳው ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ የሚማር ልጅ ይህን ጠጥቶ ያብዳል፤ ጓደኞቹ ይዘው ይጠብቁታል፤ ስካሩ ሲያልፍለት ሊቅ ይሆናል፤ ካላለፈለት ዕብድ ሆኖ ይቀራል። ዛሬም መጠጥ ሲቀምስ የሚያብድ ሰው «አብሾ አለበት» መባሉ ከዚህ የመጣ ነው። አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። እነዚህ የዓይን ብሌን ያሰፋሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ የሌለ ነገር ያሳያሉ፣ መጠኑ ሲበዛም ይገድላሉ። ስኮፖላሚን ደግሞ በሕክምና ምርምር የሚታወቀው ትዝታ እንዳይያዝ በማድረጉ ነው። ተማሪው ላለመርሳት የጠጣው የሚያስረሳውን ነበር። ቢሆንም ለምን ይጠጣ እንደነበር አይገባኝም አልልም፤ ቅኔ በቃል የሚያዝ፣ መጽሐፍ ውድ የሆነበት ዘመን ነበርና።

ከአብሾ ውጭም ዕውቀትና ዕብደት በጎጃም አብረው ይጠራሉ። በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣን የፈጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁሉ አርቆ የሚያየው እርሱ ነው፤ ዘመዶቹ ግን ዕብድ ይሉታል። ከዚህ ከፍ ያለ ሐሳብ ሐዲስ ያመጡ አይመስለኝም፤ የአገራቸው ሰው አዋቂን በምን ዓይን እንደሚያይ ያውቁ ነበር። ጉዱ ካሣ ርስትና ዘመድ ያለው ሰው በመሆኑ ዕብድ በመባል ተረፈ። ቀጥቃጭ ቢሆን ኖሮ ስሙ ሌላ ይሆን ነበር።

መንግሥታት ይህን ነገር ዝም ብለው አላዩትም። እ.ኤ.አ. ከ1720ዎቹ ጀምሮ በሰርቢያ መንደሮች ሰዎች በበሽታ ሲያልቁ ሟቾቹ ተነሥተው ደም ይጠጣሉ ተባለና መቃብር እየተከፈተ ሬሳ በእንጨት ይወጋ፣ ይቃጠል ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1755 የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪሟን ጌራርድ ቫን ስዊተንን አማክራ ድርጊቱን ከለከለች። እዚያ የተከሰሱት ሙታን ነበሩ። በእኛ አገር የተከሰሱት ሕያዋን በመሆናቸው የመንግሥቱ ሥራ ይከብድ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሠራተኞችን ሰብስበው «ሴባስቶፖል»ን ሲያስቀልጡ፣ የአገራቸው ገበሬ ከአገሩ ብረት ሠሪ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት ዐዋጅ ግን ነገሩን በቀጥታ ያነሣዋል፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ መስደብን ይከለክላል፤ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ነጋዴውንም አይተዋቸውም። ዐዋጁን በታሪክ ክፍል ስለ ሥራ ክብር ሲጠቀስ ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን የማነበው እንደ ቋንቋ ዐዋጅ ነው። ቀጥቃጩንና ጸሐፊውን በአንድ ቃለ ዐዋጅ ማስቀመጡ፣ ሁለቱ ሐሜቶች አንድ ሥር እንዳላቸው ንጉሡ ማወቃቸውን ያሳያል።

ስድብ በዐዋጅ አልጠፋም። ርስት የሌለው ሰው ስሙን የሚከላከልበት ምንም አልነበረውምና ለውጡ የመጣው በሌላ በኩል ነው፤ የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ማንኛውም ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ያለ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። በደጋው ያሉ የቀጥቃጭ ልጆችም ከዚያ ወዲህ ማረሻ የሚሠሩ ብቻ ሳይሆኑ የሚያርሱ ሆኑ። አሁን ከገበያው ዳር የሚቀጠቀጠው ብረት አብዛኛው የተሽከርካሪ ስብርባሪ ነው፤ ከድንጋይ ብረት የማውጣቱ ዕውቀት ከሽማግሌዎቹ ጋር እየሄደ ነው። በጋብቻ ድርድር ግን፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዘር ሲቆጥሩ፣ የቅድመ አያት ወናፍ አሁንም ይነሣል።