ገዳይ እና አዳኝ

ከውርጌሳ በታች ማሽላው ማሸት ሲጀምር በየማሳው ማማ ይቆማል። ልጆች ማማው ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያጮሁ ወፍ ይጠብቃሉ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወፉ ወደ ማደሪያው ይሄድና ከቁጥቋጦው ሥር ሌላ ድምፅ ይነሣል፤ ስለት ያጣ መጋዝ እንጨት ሲቆርጥ የሚመስል ሻካራ ጩኸት። ጅግራ ነው። ጅግራን ያሳደደ ልጅ ሁሉ ጠባዩን ያውቃል። ክንፍ እያለው መሮጥ ይመርጣል፤ በጣም ሲጠጉት ብቻ ብድግ ብሎ ጥቂት ይበርና እንደገና እግሩን ያምናል። ሲመሽ ግን ከዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል።

ይህ የቆላችን ወፍ በዓለም ታሪክ ውስጥ ያልታሰበ ቦታ አለው። የጅግራ አገሩ አፍሪካ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት አውሮፓውያን ወፉን ያገኙት በቱርኮች ግዛት በኩል ከሚመጡ ነጋዴዎች ነበርና ‘የቱርክ ዶሮ’ አሉት። በ16ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ ሌላ ትልቅ ወፍ ወደ አውሮፓ ሲገባ ሁለቱ ተምታቱባቸው፤ ስሙም ወደ አዲሱ ወፍ ዞረ። ዛሬ እንግሊዞች ‘ተርኪ’ የሚሉት ያ የአሜሪካ ወፍ ስሙን የወረሰው ከጅግራ ነው። ሊቃውንትም በሳይንሳዊ ስሙ ‘ሜሌያግሪስ’ ሲሉት ግሪኮች ጅግራን ይጠሩበት የነበረውን ቃል መስጠታቸው ነው።

ሁለቱን ወፎች ያገናኘው ስም ብቻ አይደለም። እዚያም እዚህም ወንዶች በአደን ስማቸው ገንኗል፤ እዚያም እዚህም የአደኑ ክብር ዋጋ አስከፍሏል። ታሪኩን ከኛው እንጀምር።

የጀግና ጉትቻ

በምድራችን አደን የቆየ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የግብፅ ነገሥታት ለጦርነት የሚያሰልፉትን ዝሆን ለማግኘት አዳኞቻቸውን ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይልኩ ነበር። ይህንንም ከእነርሱ አንዱ በድንጋይ ላይ አስቀርጾ፣ በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ጽሑፉን አዱሊስ ላይ አግኝቶ ገልብጦታል።

በኋላ ዘመን አደን የወንድነት መለኪያ ሆነ። ዝሆን የጣለ ሰው የወርቅ ሎቲ በጆሮው ያንጠለጥላል። አንበሳ የገደለ ከጋማው የተሠራ ጎፈር በራሱ ላይ ይደፋል። ግዳይ ይዞ የተመለሰ ሰው ራሱን ቅቤ ተቀብቶ፣ በእልልታ ታጅቦ፣ ‘ዘራፍ!’ እያለ ወደ መንደሩ ይገባል። አዝማሪው ስሙን ያነሣል፤ አባቱም በልጁ ስም ይጠራል። ያልገደለ ግን በግብዣ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። ወሎ ዛሬም ፍቅር ሲገልጽ ‘ገዳዬ’ ይላል። ቃሉ ከየት እንደመጣ የዘፈነውም የሰማውም አያስበውም፤ ሥሩ ግን እዚያ ነው።

ይህን ዓለም በዓይኑ አይቶ ከጻፉት አንዱ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ከጎንደር ወደ ሰናር ሲወርድ በቆላው አገር የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ተቀብሎት ነበርና አብሮት ለዝሆን አደን ወጣ። በዚያ አገር የታወቁ ዝሆን አዳኞች ነበሩ። ጠመንጃ አልያዙም። ሁለት ሰው በአንድ ፈረስ ይቀመጣል። ከፊት ያለው ፈረሱን ይነዳል፤ ከኋላ ያለው እርቃኑን ሆኖ ሰይፍ ብቻ ይይዛል። ፈረሰኛው ዝሆኑ ፊት ቆሞ ይፎክራል፦ የራሱን ስም፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፤ አባትህን እዚህ፣ አያትህን እዚያ ገድያለሁ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው ይለዋል። ዝሆኑ በንዴት ሲከተለው ፈረሱን ያዞርና ጓደኛውን ከጎን ያወርደዋል። ያም በቅጽበት የዝሆኑን የእግር ጅማት ከተረከዙ በላይ ይቆርጣል። ዝሆኑ ከዚያ ወዲያ መራመድ አይችልም።

ድፍረቱ ያስደንቃል። ከእኛ ማን ይሞክረዋል? ብሩስም አድንቋል። ነገር ግን በዚያው አደን ያየው አንድ ነገር ከሁሉ በላይ አስጨንቆታል። አዳኞቹ አንዲት እናት ዝሆን አቆሰሉ። ግልገሏ በጫካ ተሸሽጎ ነበር፤ ማንም አላሳደደውም። ሊያመልጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን ከተሸሸገበት ወጥቶ በፈረሶቹና በሰዎቹ መካከል ገባ፤ ያገኘውን ሁሉ እየገፋ ለእናቱ ተዋጋ። ብሩስ እናቲቱን ማሩልኝ ብሎ ጮኸ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ግልገሉ እርሱንም ደጋግሞ ገፋው። እርሱ እየሸሸ ተወው እንጂ አልመታውም፤ ባለመምታቱም ከዓመታት በኋላ ደስ እንደሚለው ጽፏል። በመጨረሻ ግልገሉ ከአዳኞቹ የአንዱን እግር ጥቂት ሲጎዳ በጦር ተወጋና ከቆሰለችው እናቱ ፊት ወደቀ።

በዚያ ቀን ሎቲ የሚገባው ለማን ነበር?

ዋጋው

በጦርና በሰይፍ ዘመን አደኑ ብዙ ጥሎ አይጨርስም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጠመንጃ ሲበዛና የዝሆን ጥርስ ትልቅ የንግድ ዕቃ ሲሆን ግን ነገሩ ተለወጠ። ዝሆን በፍጥነት ስላለቀ አጼ ምኒልክ በዘመናቸው መጨረሻ ገደማ አደኑን የሚገድብ አዋጅ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሰፋ ያለ የአደን አዋጅ ታወጀ። ዛሬ ዝሆን የቀረው እንደ ባቢሌ፣ ማጎ፣ ጨበራ ጩርጩራና ቃፍታ ሽራሮ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ነው።

ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የሌለው ዋልያም ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት በአደን ተመናምኖ ወደ መጥፋት ተቃርቦ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተከለለ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያው ሲጠበቅ በዛ። በቅርብ ዓመታት ግን ቁጥሩ እንደገና ወርዷል።

ስሙን ከጅግራ የወረሰው የአሜሪካው ወፍ ከዚህ የባሰ ደርሶበታል። ደኑ ተመነጠረ፤ አዳኙ በዛ፤ ለገበያ የሚገድለውም ልክ አጣ። ማሳቹሴትስ በተባለው ግዛት የመጨረሻው የዱር ተርኪ የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። በብዙ ሌሎች ግዛቶችም ጨርሶ ጠፋ።

የመለሱት ግን አብዛኞቹ አዳኞች ናቸው። ከስመ ጥሮቹ አንዱ ቻርልስ ጆርዳን ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ወፍ ሲያድን የኖረ፣ የወፉን ድምፅ አስመስሎ መጥራት የሚችል፣ በኋላም ካሜራ ይዞ ጫካ የገባ ሰው ነበር። በመጨረሻ ሉዊዚያና ውስጥ የተከለለ የዱር ስፍራ ጠባቂ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1909 በሕገ ወጥ አዳኝ ጥይት ተገደለ። የሰበሰባቸውን ጽሑፎችና ፎቶግራፎች ኤድዋርድ ማኪልሄኒ የተባለ ሰው አደራጅቶ በ1914 በመጽሐፍ አወጣቸው። በ1937 ደግሞ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል በሕግ ተወሰነ፤ አዳኞቹም ደገፉት። በ1950ዎቹ ባለሙያዎች በባሩድ የሚወረወር መረብ እየተጠቀሙ ወፎቹን በሕይወት ይዘው ወፍ ወደሌለበት ግዛት ማጋዝ ጀመሩ። ወደ ማሳቹሴትስ በ1972 እና 1973 የተወሰዱት 37 ወፎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ በዚያ ግዛት ከ30,000 በላይ ይኖራሉ።

አንድ ቃል፣ ሁለት ሰው

አማርኛችን ለዚህ ታሪክ የሚስማማ ድንቅ ቃል አለው። ‘አደነ’ ብሎ ግዳይ የሚጥለው ሰው አዳኝ ነው። ‘አዳነ’ ብሎ ከሞት የሚያስጥለውም አዳኝ ነው። በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ‘ዳ’ ሲጠብቅና ሲላላ ብቻ ነው። ጆርዳን ጠብቆ በሚነበበው ጀመረ፤ ላልቶ በሚነበበው ሞተ።

መጽሐፍ ቅዱስም ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ናምሩድ ኃይለኛ አዳኝ ተብሎ ስሙ የተነሣው በዘፍጥረት 10 ነው። ዔሳው ከአደን ደክሞ ሲመለስ ብኩርናውን በአንድ ሳሕን ወጥ ሸጠ። ዳዊት ግን አንበሳና ድብ መግደሉን ለሳኦል ሲነግረው ነገሩ የሚጀምረው ከበጉ ነው፤ አውሬው ከመንጋው በግ ነጥቆ ሄደ፣ እርሱም ተከትሎ ከአፉ አስጣለው። ጎፈር አልደፋበትም። ዘዳግም 22 ደግሞ የወፍ ጎጆ ላገኘ ሰው የሚሰጠው ትእዛዝ አለ፤ ጫጩቶቹን ወይም እንቁላሎቹን ቢወስድ እንኳ እናቲቱን ይልቀቃት። ወፏ ዘር እንድታቆይ የሚጠነቀቅ፣ ከሦስት ሺህ ዓመት ግድም የቆየ የአደን ሕግ ነው።

ይህን ለምን ለእናንተ እንጽፈዋለን? በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ አልፏል። ጥይት ምን እንደሆነ ለሀብሩ ወጣት ማስተማር አያስፈልግም። ዝሆኑ ካለቀ በኋላም ፉከራው አላለቀም፤ ግዳዩ ሰው ሆነ እንጂ። ማንን እንደምናወድስ ስንመርጥ ታናናሾቻችን ምን መሆን እንደሚመኙ አብረን እየመረጥን ነው። ልጅ እልልታ ወደሚሰማበት ይሄዳል።

ክረምት ሲገባ ጅግራ በሣር ውስጥ መሬት ላይ ትጥላለች። ጎጆዋን ማግኘት ለእረኛ ልጅ ቀላል ነው፤ እንቁላሉ ብዙ ነው፣ ልቅሙም አንዲት ደቂቃ አይፈጅም። አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ ልጅ ማንም አያጨበጭብለትም። ማሽላው ሲያሽት ግን አመሻሽ ላይ ያ ሻካራ ድምፅ ከቁጥቋጦው ሥር እንደገና ይነሣል፤ ማማው ላይ ያለው ልጅም ከማን ጎጆ እንደተፈለፈሉ ያውቃል።