ውሻን መፍታት

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲጀመር ውሻ አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1604 ሮበርት ካውድሪ ለንደን ላይ ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ተብሎ ይጠቀሳል። የያዛቸው 2,500 ገደማ ቃላት ከዕብራይስጥ፣ ከግሪክ፣ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የገቡ፣ ተራውን አንባቢ ስብከት ሲሰማም ሆነ መጽሐፍ ሲገልጥ የሚያደናቅፉት ከባድ ቃላት ናቸው። ውሻ፣ ውሃ፣ መሄድና መብላት ቦታ አላገኙም፤ የሚያውቀውን ማን ይጠይቃል? ውሻ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ሕፃንና ባዕድ። መዝገቡ የተዘጋጀው ደግሞ ለሁለቱም አልነበረም። ዛሬ ለሕፃናት የእንግሊዝኛ ቃላትን በአጭር ፍቺ የሚያስተምሩ ባለ ሥዕል መጻሕፍት በየመደብሩ ተደርድረው ስናይ ሥራው እንደ ጨዋታ ይመስለናል። ነገር ግን ቀላልን ቃል በቀላሉ መፍታት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የፈጀ ጥበብ ነው። ጥበቡ ወደፊት የተራመደውም አዘጋጆቹ ዓይናቸውን ከቃሉ ላይ አንሥተው ወደ ሰሚው ባዞሩ ቁጥር ነው። ቅለት የቃሉ ጠባይ ሳይሆን የሰሚው ሀብት መሆኑን የገባቸው ሰዎች ናቸው ነገሩን የፈቱት፤ ከእነርሱም የሚበዙት እንግሊዝ አገር ተቀምጠው የእንግሊዝ ልጆችን ያስተማሩ አልነበሩም።

በአማርኛ ውሻ መፍታት ከሰንሰለቱ ማላቀቅ ነው፤ ለመዝገበ ቃላት ሰው ግን ውሻን መፍታት ራስ ምታት ነው። በ1702 የወጣውና ጆን ከርሲ እንዳዘጋጀው የሚታመነው መዝገብ 28,000 ያህል ቃላት ሲሰበስብ የዕለት ተዕለት ቃላትን ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት አስገባ። ማስገባቱ አንድ ነገር ነው፣ መፍታቱ ግን ሌላ። የዚያ ዘመን መዛግብት የቤት እንስሳ ላይ ሲደርሱ ‹የታወቀ እንስሳ› ብሎ ማለፍ ይቀናቸው ነበር። ለሚያውቀው አይጠቅም፣ ለማያውቀው አይነግር። በ1755 ሳሙኤል ጆንሰን ከ40,000 በላይ ቃላት የያዘውን ታላቁን መዝገቡን ሲያወጣ ችግሩ በተቃራኒው በኩል ፈነዳ። ሳልን ሲፈታ የሚያስለው ልጅ ቀርቶ ሐኪሙም ቆም ብሎ የሚያስብባቸውን የላቲን ዘር ቃላት ደረደረ፤ መረብ መሰል ሥራን የፈታባቸው ቃላትም ከተፈቺው ቃል እጅግ የከበዱ ነበሩ። ጆንሰን ግን ሰነፍ አልነበረም፣ የሚያደርገውንም ያውቅ ነበር። በመቅድሙ ላይ አንድን ቃል ለመፍታት ከእርሱ የቀለሉ ቃላት እንደሚያስፈልጉ፣ ከሁሉ ለቀለለው ቃል ግን እንዲህ ያለ ቃል እንደማይገኝ ተናግሯል። (ይህ ሰው ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ያሳተመው፣ በ1759 ደግሞ የሐበሻውን ልዑል የራሴላስን ልብ ወለድ የጻፈው እርሱ ነው።) ጆንሰን ችግሩን በትክክል አየ፤ መውጫውን ግን በቃላት መካከል ብቻ ስለፈለገ አላገኘውም።

ከቃላት ውጭ የፈለገ ሰው ከጆንሰን መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። የሞራቪያው መምህር ዮሐንስ አሞስ ኮሜንየስ በ1658 ኑረምበርግ ላይ ያሳተመው የሕፃናት መጽሐፍ 150 ያህል አጫጭር ምዕራፎች አሉት። እያንዳንዱ ምዕራፍ በሥዕል ይጀምራል፤ በሥዕሉ ላይ ያሉት ነገሮች ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ ያው ቁጥር ከሥር ባለው ጽሑፍ ከቃሉ አጠገብ ይገኛል። ልጁ ጣቱን ከቁጥር ወደ ቁጥር እያንቀሳቀሰ ዳቦ ጋጋሪውን ከነምድጃው፣ ልብስ ሰፊውን ከነመቀሱ፣ ዓሣ አጥማጁን ከነመረቡ ይማራል። ፊደሉ ሳይቀር በእንስሳት ድምፅ ነው የሚጀምረው። መጽሐፉ በተከታዩ ዓመት በቻርልስ ሁል ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ለንደን ላይ ወጣ። የሥዕል ነገር ሲነሣ ሁሉም ኮሜንየስን ያወድሳል፣ ይገባዋልም። እኔ ግን ከሥዕሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጎኑ ይበልጥ ይገርመኛል፤ መጽሐፉ በሁለት ቋንቋ ነው። ላቲኑ በአንድ ዓምድ፣ የልጁ የእናት ቋንቋ በሌላው ዓምድ ጎን ለጎን ቆመዋል። ኮሜንየስ ሥዕል ብቻውን እንደማይበቃ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የሰውን ነፍስ ለማሳየት በነጠብጣብ የተሠራ የሰው ቅርጽ ያስቀመጠበትን ገጽ ያየ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳል። ውሻ ይሳላል፤ ‹ትናንት›፣ ‹ምናልባት›፣ ‹ይቅርታ› አይሳሉም። ልጁ የማይሳለውን ቃል የሚይዝበት እጀታ የራሱ ቋንቋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ብዙ የፊደልና የሥዕል መጻሕፍት ታተሙ፣ ጥያቄው ግን ባለበት ቆየ። የተንቀሳቀሰው ሰዎች ቃላትን መቁጠር ሲጀምሩ ነው። በ1921 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የጽሑፍ ቃላትን በድግግሞሻቸው ቆጥሮ ለመምህራን 10,000 ቃላት የያዘ ዝርዝር አወጣ። በ1930 የካምብሪጁ ቻርልስ ኦግደን እንግሊዝኛን ወደ 850 ቃላት ያወረደበትን ‹ቤዚክ እንግሊሽ› አቀረበ፤ ከእነርሱም 200ዎቹ በሥዕል ሊታዩ የሚችሉ ነገሮች ስም ነበሩ። ወሳኙ እርምጃ ግን የተወሰደው ዳካ ውስጥ ነው። ማይክል ዌስት በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ቤንጋል የመምህራን ማሠልጠኛ ይመራ ነበር። በ1926 ባሳተመው የሁለት ቋንቋ ጥናቱ አንድ የማይመች ነገር ተናገረ፤ አብዛኛው የቤንጋል ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ ያቋርጣል፣ ስለዚህ ለአሥር ዓመት በሚታቀድ ትምህርት በሦስተኛው ዓመት የሚወጣው ልጅ ባዶ እጁን ይሄዳል። ዌስት ቃል ከመድን ሰዎች ተውሶ፣ ውሉን አቋርጦ የሚወጣ ደንበኛ የሚመለስለትን ገንዘብ ያህል ተማሪውም በየትኛውም ዓመት ቢወጣ የሚጠቅመው ነገር ይዞ መውጣት አለበት አለ። ይህ ሐሳብ ነው ከጥቂት ቃላት ብዙ ጥቅም የማውጣትን ሥራ የወለደው። በ1935 ከጄምስ ኤንዲኮት ጋር ያወጣው መዝገበ ቃላት 24,000 ገደማ ቃላትና ሐረጎችን በ1,490 ቃላት ብቻ ፈታ። ጆንሰን ተስፋ የቆረጠበት በር የተከፈተው እንዲህ ነው፤ ከቀላሉ ቃል የቀለለ ሌላ ቃል በመፈለግ ሳይሆን፣ አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ቃላት ቆጥሮ ከእነርሱ ባለመውጣት። በዚያው ዓመት የወጣው የቶርንዳይክ የወጣቶች መዝገበ ቃላትም በተመሳሳይ መንፈስ የተሠራ ነው።

ይህ መንገድ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ተቃዋሚዎቹም ሳይጠቁሙት አላለፉም። ፍቺ ሲቀል እውነቱ ይሳሳል ይላሉ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በ1987 ጆርጅ ሚለርና ፓትሪሽያ ጊልዲያ ያቀረቡት ጥናት ነው። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል አሜሪካውያን ልጆች የማያውቁትን ቃል ፍቺ ከመዝገበ ቃላት አንብበው ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ ታዘዙ። መሬት በውሃ መሸርሸርን የሚያመለክተው ‹ኢሮድ› በመዝገቡ ‹በልቶ ማውጣት› ዓይነት ፍቺ ነበረው፤ በእንግሊዝኛ ይኸው ሐረግ ከቤት ወጥቶ ምግብ መብላት ማለትም ነው። እናም አንዱ ልጅ ቤተሰባችን ብዙ ጊዜ ይሸረሸራል ብሎ ጻፈ። በቀላሉ የሚያስቅ ስሕተት ነው፤ ግን ጥፋቱ የቀላል ቃላት ነው? አማርኛም መሬቱን ጎርፍ በላው፣ ብረቱን ዝገት በላው፣ ገንዘቤን በላኝ ይላል። ብዙ ጊዜ የምንጠቀምባቸው ቃላት ሁሉ ትርጉማቸው ብዙ ነው፤ የኦግደን 850 ቃላትም ጥቂት የመሰሉት እያንዳንዱ ግስ የአሥር ግስ ሸክም ስለተሸከመ ነው። ስለዚህ ልጁን ያሳሳተው የፍቺው ቅለት ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው፤ ማን ምንን እንደሚበላ የሚነግረው አልነበረም። በዚያው ዓመት በጆን ሲንክሌር መሪነት በርሚንግሃም ላይ የተዘጋጀው የኮቢልድ መዝገበ ቃላት ይህን ክፍተት በሙሉ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። ‹መሬት በውሃ ወይም በነፋስ ቀስ በቀስ ሲጠረግ› ብሎ የሚጀምር ፍቺ ቃሉን ከነጓደኞቹ ያመጣል፣ እንደ እናት እንጂ እንደ ዳኛ አይናገርም። ስለዚህ ለተቃውሞው ያለኝ መልስ አጭር ነው፤ ለልጅ የሚሰጥ ፍቺ ሁሉን እውነት እንዲናገር አይጠበቅበትም፣ በኋላ የሚመጣውን እውነት በሩን እንዳይዘጋበት ግን ይጠበቅበታል።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ነገሩ አዲስ አይደለም። የግእዝ ሊቃውንት ‹ሰዋስው› የሚሉት፣ ስሙም መሰላል ማለት የሆነው፣ የግእዙን ቃል በአማርኛ የሚፈታ የትምህርት ዘርፍ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነበረን። በአንድምታውም መምህሩ ንባቡን ካሰማ በኋላ በአማርኛ ይተረጉማል፣ ከዚያም ‹አንድም› እያለ ሌላውን ትርጉም ያክላል። አንድ ቃል አንድ አቻ ብቻ እንደሌለው የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ልማድ አላውቅም። ለእንግሊዝኛ ግን ይህን አልተጠቀምንበትም። በ1841 ለንደን ላይ የወጣው የሚሲዮናዊው የኢዘንበርግ መዝገበ ቃላት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ቢፈታም፣ የተሰናዳው አማርኛ ለሚማር ፈረንጅ እንጂ እንግሊዝኛ ለሚማር ሐበሻ ልጅ አልነበረም። ከ1941 በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ወስዶ የትምህርት ቋንቋ ሲሆን ልጁ ደብተሩን መሐል ለመሐል አስምሮ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን፣ በመካከል የእኩል ምልክት ማድረግ ለመደ። በ1973 ሁለት መጻሕፍት ተከታትለው ወጡ። አንዱ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ሌላው ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጦ የሚፈታው የቮልፍ ሌስላው መጽሐፍ ነው። የሌስላው ሐሳብ ከኮቢልድ 14 ዓመት ቀድሟል፤ ቪስባደን ላይ ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ስላልተዳረሰ ግን የደብተሩን የእኩል ምልክት አልነቀነቀውም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይመጣል። የእናት ቋንቋ ለምን ይገባል? ልጁ በእንግሊዝኛ ማሰብ ካለበት ፍቺውም በእንግሊዝኛ ይሁን የሚለው አስተያየት የእናት ቋንቋን ከክፍል ካስወጡት ከቀጥተኛው ዘዴ ሰዎች ጀምሮ ሲነገር ቆይቶ፣ በ1961 ኡጋንዳ፣ ማኬሬሬ በተደረገው የኮመንዌልዝ ጉባኤ እንደ ሕግ ተወሰደ። የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ፊሊፕሰን በ1992 ይህን እምነት ከጉባኤው ስሕተቶች አንዱ አድርጎ ተችቶታል። እኔ ተቃውሞውን እንዲሁ አልጥለውም። በእኩል ምልክት የተማረ ልጅ ‹ዌር› ማለት ‹ለበሰ› ነው ብሎ ይይዝና ጫማና ሰዓት ላይ ሲደርስ ይቸገራል፤ በአማርኛ ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይደረጋል፣ ሰዓት ይታሰራል፣ ዘውድ ይደፋል፣ ሽቶ ይቀባል፤ እንግሊዝኛው ግን ለሁሉም አንድ ቃል አለው። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የምልክቱ እንጂ የአማርኛው አይደለም። አማርኛውን ከክፍሉ ብናስወጣውም ልጁ በልቡ ይተረጉማል፤ ልዩነቱ የሚያርመው ሰው አለመኖሩ ነው። ዌስት አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ቃላት ቁጠሩ ያለውን ደንብ በቅንነት የተቀበለ ሰው፣ ደብረ ማርቆስ ላለች የሰባት ዓመት ልጅ የምታውቃቸው ቃላት 1,490 እንግሊዝኛ ሳይሆኑ በሺሕ የሚቆጠሩ አማርኛ መሆናቸውን ሊክድ አይችልም።

ልጆች ቃልን በጆሮ እንጂ በፍቺ አይማሩም የሚሉም አሉ። በርሚንግሃም ለተወለደ ልጅ እውነት ነው፤ ‹ዶግ› የሚለውን ቃል ከውሻው ጋር አብሮ ሺሕ ጊዜ ይሰማዋል። ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በቀን በአንድ ክፍለ ጊዜ ለሚያገኝ፣ ከክፍሉ ሲወጣ ግን ለማይሰማ ልጅ ያ ሺሕ ጊዜ የለም፤ ፍቺው የሚሞላው ይህን ጉድለት ነው። ሲሞላ ደግሞ በአንድምታው ልማድ ቢሞላ ያዋጣል። ‹ዌር› ሸሚዙን ለብሷል፤ አንድም ጫማውን አድርጓል፤ አንድም ሰዓቱን አስሯል፤ አንድም ዘውዱን ደፍቷል። ሁሉም ‹ለብሷል› እንጂ ‹ለበሰ› አለመሆናቸውን ልብ ይሏል። ለመልበሱ ተግባር፣ እጅጌው ውስጥ እጅ ለማስገባቱ፣ እንግሊዝኛ ሌላ ሐረግ አለው፤ ‹ፑት ኦን›። ይህን ልዩነት ለአማርኛ ተናጋሪዋ ልጅ ለማሳየት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ‹ለበሰ› እና ‹ለብሷል› በአፏ አሉ።